«ነባሪ» የተባለውን ብሮውዘር ስለመቀየር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሰሞን በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ለአንድ አንባቢ ጥያቄ በተሰጠው መልስ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ይዞት የመጣው ብሮውዘር ለማንኛውም ሥራ እንደሚበቃ፣ እሱን ትቶ ሌላ መያዝም የአመል ጉዳይ እንጂ ቁም ነገር እንደሌለው ተጽፎ አነበብኩ። መልሱን የጻፉት ባለሙያ በቅን ልቡና እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ጥያቄውን በአምስት መስመር መመለስ የነበረባቸው መሆኑንም እረዳለሁ። ሆኖም በአራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር በመጠገን፣ ከዚያም በፊት በኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ በመሥራት በድምሩ ከሃያ ዓመት በላይ ያሳለፍኩ በመሆኔ፣ ይህ የአመል ጉዳይ የተባለው ነገር ሰዎችን ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚያስወጣቸው አውቃለሁ። ስለዚህ በዚሁ ዓምድ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ አንድ የገጠመኝን ላንሣ። ባለፈው ክረምት አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ላፕቶፓቸውን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ወደ ሱቄ መጡና «ልጄ፣ ይህ ዕቃ ሁሉን ነገር ረሳ» አሉኝ። ነገሩን ስጠይቃቸው፣ ቨርጂኒያ የምትኖረው ልጃቸው በቴሌግራም ሊንክ ትልክላቸዋለች፤ እሳቸው ሊንኩን ሲጫኑት ግን የሚከፈተው ገጽ ኢሜይላቸውንም ፎቶዎቻቸውንም የማያውቅ፣ ዘወትር የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሌላ ገጽ ነው። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ከዓመታት በፊት የእህታቸው ልጅ ክሮም ውስጥ አስቀምጦላቸው ስለነበር በቃላቸው አይዙትም። እኔ ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት ወደ አንድ ሌላ ጥገና ቤት ወስደውት ኖሮ፣ እዚያ ያገኙት ወጣት «ቫይረስ ነው» ብሎ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጭኖ፣ ክሮምንም መልሶ አስገብቶ፣ የእጁን ዋጋ ተቀብሎ ሸኝቷቸዋል። በሁለተኛው ቀን የእህታቸው ልጅ መጥቶ መለያቸውን ክሮም ላይ ቢያስገባላቸውም፣ ሊንኩ አሁንም የሚከፈተው በዚያው በማያውቁት ገጽ ነበር። ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጧቸው የቤተሰብ ፎቶዎች ግን ከፎርማቱ ጋር አብረው ጠፍተዋል።

የኮምፒውተሩ ችግር አንድ ብቻ ነበር። ክሮም ተጭኖ ይኑር እንጂ፣ ሊንኮችን ሁሉ የሚቀበለው ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ብሮውዘር ነበር። ይህን ለማስተካከል አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም፤ ዋጋ ለመቀበልም አፈርኩ።

ብሮውዘር ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም መሆኑን አብዛኛው አንባቢ ያውቃል። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ (ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው)፣ ሳፋሪና ኦፔራ ሁሉም ብሮውዘሮች ናቸው፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስትም አራትም ቢጫኑ እርስ በርሳቸው አይጣሉም። እያንዳንዱ የራሱ ጓዳ አለው፤ በአንዱ የተቀመጠ የይለፍ ቃል፣ በአንዱ የተመዘገበ የገጽ ምልክት፣ በአንዱ የተጎበኘ ድረ ገጽ ታሪክ ሆን ተብሎ ካልተገለበጠ በቀር ወደ ሌላው አይሻገርም። ጥያቄው የሚነሣው ሊንክ ከብሮውዘር ውጭ ሲጫን ነው፤ ከቴሌግራም፣ ከኢሜይል ፕሮግራም፣ ከዎርድ ሰነድ ማለት ነው። ያን ጊዜ ዊንዶውስ ሊንኩን ለማን እንደሚያስረክብ መዝገቡን ያያል፤ በመዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረው ፕሮግራም ዲፎልት ብሮውዘር ይባላል። ብዙ ደንበኞቼ የአንድን ብሮውዘር ምልክት ዴስክቶፕ ላይ ስላዩትና ዘወትር እሱን ስለሚከፍቱ ብቻ ዲፎልት የሆነ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም።

እግረ መንገዴን ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። ክሮምን በአማርኛ ገጽታው የሚጠቀም ሰው «ነባሪ አሳሽ» የሚል ሐረግ ያገኛል። ዲፎልት የሚለውን በአንድ የአማርኛ ቃል መተካት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን «ነባር» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ ሌላ ትዝታ አለው። ነባር ሠራተኛ፣ ነባር ይዞታ፣ ነባር ነዋሪ ስንል ቀድሞ የነበረ፣ መብቱ የተጠበቀ፣ እንዲህ በቀላሉ የማይነካ ነገርን እናስባለን። በዚህም ምክንያት «ነባሪ» የሚለውን ያነበበ ሰው ከኮምፒውተሩ ጋር የተተከለ፣ ቢነቀል መዘዝ የሚያመጣ ነገር አድርጎ ይወስደዋል። አንድ አዛውንት ደንበኛዬ «ነባሩን ብናፈናቅለው ካሣ አይጠይቀንም?» ብለው አስቀውኛል። እኔ በበኩሌ «ተቀዳሚ» ቢባል ይሻል ነበር ባይ ነኝ፤ ተቀዳሚነት ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ሊሰጥ እንደሚችል ማንም ይረዳዋልና። ይሁን እንጂ አንባቢዎቻችሁ በስክሪናቸው ላይ የሚያዩት «ነባሪ» የሚለውን ስለሆነ፣ እኔም ከዚህ በኋላ በዚሁ ቃል እቀጥላለሁ።

አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። በዊንዶውስ 11 ላይ «ሴቲንግስ» ተከፍቶ «አፕስ»፣ ቀጥሎም «ዲፎልት አፕስ» የሚለው ይመረጣል፤ ከሚወጣው የፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ የሚፈለገው ብሮውዘር ስም ሲጫን ከገጹ አናት ላይ «ሴት ዲፎልት» የሚል አዝራር ይታያል፤ እሱን መጫን ነው። በዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ በዚያው በ«ዲፎልት አፕስ» ገጽ «ዌብ ብሮውዘር» ከሚለው ርእስ ሥር ያለውን ስም ተጭኖ ሌላውን መምረጥ ይበቃል፤ ኤጅን ሳይሞክሩ እንዳይሄዱ የሚለምን መልእክት ብቅ ካለ አልፎ መቀጠል ነው። ማክ ያላቸው ሰዎች ከ2022 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ወዲህ በወጡት ሥርዓቶች «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ዴስክቶፕ ኤንድ ዶክ» በሚለው ገጽ ወደ ታች ቢወርዱ ያገኙታል፤ የብሮውዘር ምርጫ ከስክሪኑ ግርጌ ካለው የምልክቶች መደዳ ጋር ምን ዝምድና ኖሮት እዚያ እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብሮውዘሩ ተቀይሮም የፒዲኤፍ ፋይሎች በቀድሞው ውስጥ መከፈታቸውን ከቀጠሉ አትደንግጡ፤ ፒዲኤፍ በዊንዶውስ መዝገብ ላይ የራሱ መስመር ስላለው ለብቻው መቀየር ይኖርበታል። ምርጫው የሚጸናው ለአንድ የተጠቃሚ መለያ ብቻ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ አንዱን ኮምፒውተር በሁለት መለያ የሚጠቀሙ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መምረጥ ይችላሉ።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ሰዎች ለምን አይቀይሩትም የሚል ጥያቄ ይነሣል። የዓምዳችሁ ጸሐፊ ሳይነኩት ያለፉት ነጥብም ይኸው ይመስለኛል። ሰዎች የማይቀይሩት ስለሚስማማቸው ብቻ አይደለም፤ መቀየር መቻሉን የሚነግራቸው ስለሌለ፣ አንዳንድ ጊዜም መንገዱ ሆን ተብሎ ስለሚረዝም ጭምር ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዊንዶውስ 11 በጥቅምት 2021 ሲወጣ አሁን የጠቀስኩት «ሴት ዲፎልት» የሚለው አዝራር አልነበረውም። ነባሪ ብሮውዘሩን ሙሉ በሙሉ መቀየር የፈለገ ሰው ኤችቲኤም፣ ኤችቲኤምኤል፣ ኤችቲቲፒ፣ ኤችቲቲፒኤስ እያለ የእያንዳንዱን የፋይልና የሊንክ ዓይነት መስመር ለየብቻ ከፍቶ መለወጥ ነበረበት። እኔ ሥራዬ ስለሆነ አደርገዋለሁ፤ ኤችቲቲፒኤስ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ግን ከሦስተኛው መስመር በኋላ ቢተወው ማን ይፈርድበታል? ቅሬታው ከየአቅጣጫው ከበዛ በኋላ አዝራሩ በ2022 ጸደይ በማሻሻያ ተመልሶ መጣ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ምርጫው ሙሉ አልሆነም። ከታስክባሩ (ከስክሪኑ ግርጌ ካለው መደዳ) የፍለጋ ሳጥን ወይም ከዜናና ከአየር ሁኔታ መስኮቱ የሚከፈቱ ሊንኮች የባለቤቱን ምርጫ ወደ ጎን ትተው በኤጅ ይከፈታሉ። እነዚህን ሊንኮች ወደ ተመረጠው ብሮውዘር የምታዞር አንዲት ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ነበረች፤ በ2021 መጨረሻ ላይ ማይክሮሶፍት መንገዱን ዘጋባት። የሚገርመው ግን ይህ በሁሉም አገር እኩል አለመሆኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ በመጋቢት 2024 ለትልልቆቹ ኩባንያዎች አስገዳጅ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ላሉ ተጠቃሚዎች እነዚያን ሊንኮች በመረጡት ብሮውዘር የሚከፍት፣ ኤጅንም ከነጭራሹ ለማራገፍ የሚፈቅድ ዊንዶውስ አቀረበ። ያው አንድ ዊንዶውስ ፓሪስ ላይ የባለቤቱን ቃል ሲያከብር አዲስ አበባ ላይ የማያከብረው ቴክኒኩ ስለከበደ አይደለም፤ እዚያ ያስገደደው ሕግ ስላለ ነው።

ይህ ሽኩቻ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚከፍተው ኔትስኬፕ በተባለ ብሮውዘር ነበር። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን በነጻ ከዊንዶውስ ጋር አያይዞ ማቅረብ ሲጀምር ኔትስኬፕ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገበያውን አጣ፤ በግንቦት 1998 የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤትና 20 ግዛቶች ኩባንያውን ከሰሱት። በ2000 ዳኛው ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል ወሰኑ፤ በተከታዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመክፈሉን ትእዛዝ ሻረው፤ ኩባንያው የሞኖፖል ሥልጣኑን በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቆ ማቆየቱን የሚመለከተውን ውሳኔ ግን በዋናው ነጥቡ አጸናው። አውሮፓ ደግሞ ሌላ መላ ዘየደ። ከመጋቢት 2010 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ዊንዶውስ ለተጠቃሚዎቹ የብሮውዘሮችን ስም ዘርዝሮ «የትኛውን ይፈልጋሉ?» የሚል ገጽ እንዲያሳይ ተደረገ። ይህ ገጽ ከ2011 እስከ 2012 ለበርካታ ወራት ሳይታይ መቅረቱ ሲደረስበት፣ ኅብረቱ በመጋቢት 2013 ማይክሮሶፍትን 561 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። አንድ የጥያቄ ገጽ ሳይታይ ስለቀረ ይህን ያህል ገንዘብ መቀጣት ለእኛ የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ገጹን ሳያዩ የቀሩት ሰዎች ግን 15 ሚሊዮን ያህል እንደነበሩ በውሳኔው ተመልክቷል።

የኔትስኬፕ መሸነፍ እኛንም ነክቶናል፤ እኔ በኢንተርኔት ቤት እሠራ የነበረው ልክ በዚያ ዘመን ነበርና። ተፎካካሪ ሲጠፋ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ተኛ፤ በ2001 ከወጣው ስድስተኛው እትም እስከ 2006ቱ ሰባተኛው እትም ድረስ አምስት ዓመት ሙሉ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልመጣበትም። የድረ ገጽ ሠሪዎችም ሁሉም ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው ብለው ለእሱ ብቻ ይጽፉ ነበር። የአማርኛው ችግር በዚህ ላይ ሲጨመር ድርብ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በአንድ ወጥ ኮድ በሚመዘግበው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም የገባው በ1999 ቢሆንም፣ በየኢንተርኔት ቤቱ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ፊደላችንን የሚያሳይ ፎንት ይዞ አይመጣም ነበር፤ ኒያላ የተባለው ፎንት አብሮ የመጣው ከኤክስፒ ቀጥሎ ከወጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። በዚህ የተነሣ አንዳንዱ ድረ ገጽ በዩኒኮድ፣ ሌላው የራሱ ኮድ ባለው ፎንት ተጽፎ፣ በአንዱ ብሮውዘር የተነበበው በሌላው ሳጥን ብቻ ወይም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ሆኖ ይወጣ ነበር። ዜና ሊያነብ የመጣ ደንበኛ ሳጥን ሲቆጥር እያየሁ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዞርኩ ፎንት እጭን ነበር። ከዚያ ያዳኑን ዩኒኮድና ፎንቶቹ ብቻ አይደሉም፤ ከኔትስኬፕ ፍርስራሽ ተነሥቶ በኅዳር 2004 የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው ፋየርፎክስ፣ በ2008 የተከተለው ክሮምም ሰዎች ሌላ ብሮውዘር ሊመርጡ እንደሚችሉ ስላሳዩ የድረ ገጽ ሠሪዎች ለሁሉም የሚሠራ ገጽ እንዲጽፉ ተገደዋል።

ይህን ስል የክሮም ጠበቃ መስዬ እንዳልታይ እፈራለሁ። ዛሬ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በነበረበት ወንበር ላይ የተቀመጠው ክሮም ራሱ ነው። ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ ኤጅ እንኳ በክሮም ውስጥ ባለው ሞተር (ድረ ገጹን አንብቦ በሚያሳየው ክፍል) የሚሠራ ሆኗል፤ ኦፔራና ብሬቭም እንዲሁ። ስለዚህ ከኤጅ ወደ ክሮም የተሻገረ ሰው ከውስጥ ሲታይ የቀየረው መኪናውን ሳይሆን ቀለሙን ነው ሊባል ይችላል፤ የተለየ ሞተር የሚፈልግ ሰው ዊንዶውስ ላይ በተግባር የሚያገኘው ፋየርፎክስን ነው። የክሮም ባለቤት ጉግልም ቢሆን ነባሪነት ምን ዋጋ እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃል። በአሜሪካ በተመሠረተበት የሞኖፖል ክስ ሂደት ላይ እንደተገለጸው፣ በ2021 ብቻ የፍለጋ ሞተሩ በሌሎች ብሮውዘሮችና ስልኮች ላይ ነባሪ እንዲሆን 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ በነሐሴ 2024 ፍርድ ቤቱ ኩባንያው የሞኖፖል ሕጉን መጣሱን ወስኗል። የዓምዳችሁ ጸሐፊ የአመል ጉዳይ ላሉት ነገር ነጋዴ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት ምን ይሆን? ሰው ያገኘውን ነባሪ እንደማይቀይር፣ ነባሪው ብሮውዘርም ነባሪውን የፍለጋ ሞተር ይዞ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው።

በአንድ ነገር ግን ለኩባንያዎቹ እውነታቸውን መስጠት ተገቢ ነው። ነባሪ ብሮውዘርን መቀየር ከቀድሞው ይልቅ ጥብቅ የሆነበት በቂ ምክንያትም አለው። ዊንዶውስ ኤክስፒና ዊንዶውስ 7 በነበሩበት ጊዜ የሙዚቃ ማጫወቻ ወይም የፋይል ማውረጃ የሚጭን ሰው ሳያውቀው የመሣሪያ አሞሌ (ቱልባር) አብሮ ይጭን ነበር፤ እሱም የመነሻ ገጹን፣ የፍለጋ ሞተሩንና ነባሪ ብሮውዘሩን ባለቤቱን ሳይጠይቅ ይቀይራል። የአንድ ሰው ብሮውዘር በአራትና በአምስት አሞሌ ተደራርቦ የድረ ገጹ ማሳያ ቦታ የመዳፍ ያህል ቀርቶ ያየሁበት ጊዜ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፕሮግራሞች ይህን መዝገብ በጓሮ በር ገብተው እንዳይለውጡ ዊንዶውስ በምስጢር ማረጋገጫ ይጠብቀዋል፤ በዚህ ምክንያት ነው ዛሬ ክሮም «ነባሪ አድርገኝ» ብሎ ሲጠይቅ ራሱ ሳይቀይረው ወደ ሴቲንግስ የሚመራን። ጥበቃውን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ቅሬታዬ ጥበቃው ለባለቤቱም ዘበኛ ሆኖ መቆሙ ላይ ነው። በሐምሌ 2015 ዊንዶውስ 10 እንደወጣ የወቅቱ የሞዚላ (የፋየርፎክስ ሠሪ) ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለማይክሮሶፍቱ አቻቸው በግልጽ ደብዳቤ ያሰሙት ቅሬታም ይህንኑ የሚመስል ነበር፤ አዲሱ ሥርዓት ሲጫን ሰዎች ቀድሞ የመረጡት ብሮውዘር በኤጅ እንዲተካ ሆኗል፤ ምርጫቸውን መመለሱም ከቀድሞው ከብዷል የሚል ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ኩባንያዎቹን ብቻ መውቀስ ይቀለናልና። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ለደንበኞቹ ባዘጋጀው የኦንላይን ቅጽ ላይ የ«ቀጥል» አዝራር በአንድ ብሮውዘር ብቻ ይሠራል፤ በሌላው ቢጫን ምንም አይልም፤ ስሕተት ተፈጥሯል እንኳ አይልም። ባለጉዳዩ ሦስት ቀን ሞክሮ «ሲስተም የለም» ብሎ ይመለሳል። ሲስተሙ አለ፤ የሌለው «ይህ ቅጽ በእነዚህ ብሮውዘሮች ተሞክሯል» የሚል አንድ መስመር ነው። ከዚህ የባሰም አለ፤ የውስጥ ሥራቸው አሁንም በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ካልሆነ የማይከፈትላቸው ቢሮዎች ያጋጥሙኛል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በሰኔ 2022 በይፋ ጡረታ ወጥቷል፤ አሮጌ ገጾችን ለመክፈት በኤጅ ውስጥ የቀረው መስኮትም ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚቆይ ነው ማይክሮሶፍት ያስታወቀው። ከአሁኑ ገጹን ማደስ ያልጀመረ ቢሮ ያን ጊዜ ሠራተኞቹን ምን ሊላቸው ነው?

በዕድሜ የገፉ ኮምፒውተሮች ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ዊንዶውስ 7 ያለባቸው ማሽኖች ዛሬም በየሱቁ፣ በየጸሐፊ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ አሉ። ክሮም ለእነዚህ ማሻሻያ መስጠቱን በ2023 መጀመሪያ በ109ኛው እትም አቁሟል፤ ፋየርፎክስ ግን 115 በተሰኘው የረጅም ጊዜ እትሙ ከዚያ በኋላም የደህንነት ማሻሻያ ሲሰጣቸው ቆይቷል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ሲመጣልኝ፣ ባለቤቱ አዲስ የመግዛት አቅም እስኪያገኝ ድረስ ፋየርፎክስን ጭኜ ነባሪ አደርገዋለሁ፤ አሮጌውን ክሮም ግን ካላስፈለገ አነሣዋለሁ፤ ሊንክ ሁሉ በማይታደስ ብሮውዘር ውስጥ ሲከፈት በር ከፍቶ እንደማደር ነውና። «ይዞት የመጣው ይበቃል» የሚለውን ምክር ዊንዶውስ 7 ላይ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ወዴት እንደሚመራው ጸሐፊው እንዲያስቡበት የምጠይቀው ለዚህ ነው፤ ይዞት የመጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነው።

የሚጭኑ ሰዎችም አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ብሮውዘር ሲወርድ ከራሱ ከሠሪው ድረ ገጽ እንጂ በፍለጋ ውጤት አናት ላይ ከሚገኝ ማስታወቂያ ወይም ከማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል መሆን የለበትም። ፍላሽ ላይ የተገለበጠ የዱሮ መጫኛ ይዞ መዞርም የተለመደ ነው፤ የዳታ ወጪ እንደሚያሳስብ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከተጫነ በኋላ ወዲያው መታደስ አለበት።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ እንግዲህ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በዓምዱ የወጣው ምላሽ በዚህ ደብዳቤ ላይ ባነሣኋቸው ነጥቦች፣ በተለይም የዊንዶውስ 7 ተጠቃሚዎችን በሚመለከት፣ በሚቀጥለው እትም እንዲታረም ነው። ሁለተኛው፣ በሱቄ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት የአንድ ገጽ መመሪያ አለኝ፤ የየአዝራሩ የእንግሊዝኛ ስም በፊደላችን ተጽፎ፣ ከጎኑ የስክሪኑ ምስል ያለበት፣ ዊንዶውስ 10፣ ዊንዶውስ 11ና ማክ ለየብቻ የተዘረዘሩበት ነው። ጡረተኛዋ መምህርት ባለፈው ወር መጥተው ሁለት ኮፒ ወስደዋል፤ አንዱ ለጎረቤታቸው እንደሆነ ነግረውኛል። ጋዜጣው ሊያትመው ከፈቀደ ያለ ምንም ክፍያ እልካለሁ፤ ስሜም ባይጻፍበት ቅር አይለኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ